የሽንት ብልቃጥ ስካር አይለካም

ክቡር አዘጋጅ፣

ያለፈው ሳምንት ዘገባችሁን ገና አንብቤ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። «ጋሼ፣ መኪናህን ጋዜጣ ላይ አየኋት» አለኝ። እየሳቀ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

የማዘጋጃ ቤቱ ግቢ፣ ተደርድረው የቆሙ የቆሻሻ መኪናዎች፣ ከላይ ደግሞ በትልቁ «የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ሰክረው ሲሠሩ ተያዙ»። በስተግራ የቆመችው መኪና እኔ የምነዳት ናት። የጎን ቁጥሯ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ጠቤ ከአንድ ቃል ጋር ነው። «ሰክረው» ከሚለው።

ምርመራው የሽንት እንደነበር እናንተው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጽፋችኋል። የሽንት ምርመራ ስካርን አይለካም። የሚያሳየው ወደ ሰውነት የገባ ነገር ጥሎት ያለፈውን ዱካ ነው። ካናቢስ አዘውትሮ ያጨስ የነበረ ሰው ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ዱካው ሽንቱ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ዛሬ ጠዋት መሪ ሲጨብጥ ራሱን ያውቅ እንደሆነ ግን ብልቃጡ አይናገርም። በተለምዶ የሚደረገው የዕፅ ምርመራ ደግሞ መጠጥን ጭራሽ አይፈልግም። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ማንም ያልፈለገውን ነገር አግኝቷል። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ከ«ተያዙት» አንዱ እኔ ነኝ። 19 ዓመት ነድቻለሁ። ሳል አልለቅ ብሎኝ ሐኪም ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ አዘዘልኝ። እንቅልፍ እንደሚያመጣ ስለነገረኝ በዕረፍት ቀኖቼ ብቻ ወሰድኩት። ለስምሪት ሹሙም ተናግሬ ነበር። ሥራ በገባሁበት ቀን ብልቃጥ ሰጡኝ። የመጀመሪያው ምርመራ «አለበት» አለ። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ፣ ፈጣኑ ምርመራ የሐኪም መድኃኒትን ከሕገ ወጥ ዕፅ አይለይም። ለዚህ ነው ላብራቶሪ ውስጥ የማረጋገጫ ምርመራ የሚደረገው። ከዚያም ሐኪም ማዘዣውን አይቶ ይፈርዳል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካኖች እንኳ ለትራንስፖርት ሠራተኞች እንደ ኮዴይንና ሞርፊን ያሉ የኦፒየም ወገን መድኃኒቶችን የመለያ ገደብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ከ300 ወደ 2,000 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከፍ አድርገውታል። መድኃኒት የወሰደው፣ ሌላው ቀርቶ የፖፒ (የኦፒየም ተክል) ፍሬ የተነሰነሰበት ዳቦ የበላው ሁሉ እየተያዘ ስላስቸገራቸው ነው።

የኔ ማረጋገጫ እስኪመጣ 11 ቀን መጋዘን ተቀምጬ መጥረጊያ ቆጠርኩ። ውጤቱ ነጻ አወጣኝ። ሲያወርዱኝ በሰልፍ ፊት ነበር፤ ሲመልሱኝ በታሸገ ፖስታ። እናንተ ደግሞ ፖስታውን ትታችሁ ሰልፉን ጻፋችሁ።

እኛ ዘንድ የሚጠጣ የለም አልልም። ውሸት ይሆንብኛል። አንድ ቀን ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከጓደኛዬ እጅ የመኪና ቁልፍ ነጥቄ አውቃለሁ። «ዛሬ አልቀመስኩም!» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነበር፤ የጠጣው ማታ ነው። ሰውነት መጠጥን በአማካይ በሰዓት 0.015 ያህል ነው የሚያስወግደው (በ100 ሚሊ ሊትር ደም፣ በግራም)። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 0.15 ይዞ የተኛ ሰው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ገና 0.075 አለበት። በአሜሪካ ለከባድ መኪና ሹፌር የተፈቀደው ከ0.04 በታች ነው። ጓደኛዬ ጠዋት 4 ሰዓት ሳይሆን ከመጠጡ አይላቀቅም። ቡናም ቀዝቃዛ ውኃም አያፈጥነውም። ይህን የሚይዘው ሽንት አይደለም፣ የትንፋሽ መመርመሪያ ነው። በር ላይ ቆሞ መንፋት ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ራሴ ቀድሜ እነፋ ነበር። ከኋላዬ ደረጃው ላይ ተንጠልጥለው የሚሄዱ ሁለት ረዳቶች አሉኝ፤ ወደ ኋላ ስመለስ ሕይወታቸው እኔ እግር ላይ ነው። ለምን እንዳልተገዛ ጋዜጠኛዋ ብትጠይቅ ኖሮ ደግ ነበር።

አንድ ሌላም ነገር አልጠየቀችም። ምርመራው ከጥበቃው በር ተነሥቶ ጋራዡ ላይ አለቀ። ፎቅ አልወጣም። ሊፍቱ ተበላሽቶ ይሆናል። የመኪናዬን የፍሬን ጥገና ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ያስተላለፈው ፊርማ የተፈረመው ከምሳ በኋላ ነው፤ ከምሳው ጋር ምን እንደተጠጣ ብልቃጥ ያቀረበለት የለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ባሳተመው መመሪያ፣ መጠጥን የሚመለከት ክልከላ ለአለቃም ለሠራተኛም እኩል ይሁን ይላል። የመጠጥና የዕፅ ችግር እንደ ማንኛውም የጤና ችግር ይታይ፣ ምስጢሩም ይጠበቅ ይላል። ችግሩን የሚያባብስ የሥራ ሁኔታ ካለም ተለይቶ እንዲስተካከል ያሳስባል። ሌሊት አሥር ሰዓት ሙሉ ቆሻሻ ማንሳት የሥራ ሁኔታ አይደለም ካላላችሁኝ በቀር እዚህ ላይ የምጽፈው ብዙ ነበረኝ። ይቅር።

ምስጢር ስል ያ ቁልፍ የነጠቅኩት ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። በኋላ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከዚያም በገዛ እግሩ ሰው ሀብት ሄዶ «መጠጥ አሸንፎኛል፣ እርዱኝ» አለ። ጠዋት የነገራቸውን ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ሁሉ ያውቀው ነበር። «ከነገ ጀምረህ ተው» ብለው ወደ ሌሊት ጥበቃ አዛወሩት፣ ለብቻው። ለብዙ ዓመት በብዛት የጠጣ ሰው ሐኪም ሳያየው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ ሊጥለው እንደሚችል፣ አንዳንዴም ለሞት እንደሚያደርስ የሚነግራቸው አልነበረም። ወይም ነበረ፣ አልሰሙትም። ወር ሳይሞላው ሥራውን ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እኛ ግቢ ውስጥ እርዱኝ ያለ ሰው አላየሁም። ሁሉም መደበቅ ተማረ። ለአደጋ የሚያጋልጠን ይህ መደበቅ ነው፤ በናንተ ዘገባ ውስጥ ግን አንድ መስመር አላገኘም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። «ሰክረው» የሚለውን አንሡት። «በመጀመሪያ ምርመራ የዕፅ ወይም የመድኃኒት ዱካ የተገኘባቸው» በሉ። ለርዕስ እንደሚረዝም አውቃለሁ። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ በማረጋገጫ ነጻ እንደወጣም ጠይቃችሁ ጻፉ። ፎቶውን መቀየር ካልሆነላችሁ ደግሞ ቢያንስ የመኪናዋን ቁጥር ሸፍኑት። ነገ ንጋት ላይ በሷው ነው የምወጣው።

የደረቅ ቆሻሻ መኪና ሹፌር
(ስሜ በአዘጋጁ ዘንድ ይቆይልኝ)