ለፖሊስ የሚሰጠው የአደጋ መከላከያ እንደ ጦር መሣሪያው በስም ይመዝገብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በከተማችን የፖሊስ ጉዳይ ሲነሣ በአብዛኛው የምንነጋገረው ፖሊስ በሕዝብ ላይ ስላለው ሥልጣንና ስለ ሥነ ምግባሩ ነው፤ መነጋገራችንም ተገቢ ነው። ያ ፖሊስ ራሱ ከመኪና፣ ከጩቤና ከጥይት በምን እንደሚጠበቅ ግን እምብዛም ሲጠየቅ አልሰማም። ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ የኖርኩ ጡረተኛ በመሆኔ ነገሩን የማየው ከግምጃ ቤት በኩል ነው። የማቀርበውም ሐሳብ አንድ ነው፤ ለፖሊስ የሚሰጥ የአደጋ መከላከያ ሁሉ፣ የጦር መሣሪያ በቁጥሩና በተረካቢው ስም እንደሚመዘገብ፣ በለባሹ ስም፣ በልኩ፣ በተሰጠበት ቀንና መተካት ባለበት ቀን ይመዝገብ።

በጣም ቀላል ከሚመስለው ልጀምር። ከመስቀል አደባባይ በስታዲየም አድርጎ ወደ ለገሀርና ሜክሲኮ፣ ወይም ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ምሽት ላይ የሚያሽከረክር ሰው፣ መንገድ መሐል የቆመውን ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ የሚለየው በለበሰው አንጸባራቂ ሰደርያ ነው። የሰደርያው ብርማ ጥብጣብ የሚያበራው በላዩ የተነጠፉት እጅግ ደቃቅ የመስታወት ቅንጣቶች የመኪናውን መብራት ወደመጣበት ስለሚመልሱት ነው። እነዚህ ቅንጣቶች ጨርቁ ሲታጠፍ፣ ሲፋተግና በተለይም በበረኪና ሲታጠብ እየረገፉ ይሄዳሉ። የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው፤ ቢጫው ጨርቅ በቀን እንደደመቀ ስለሚቆይ ሰደርያው ደኅና ይመስላል፣ ማታ ግን ጥብጣቡ ምንም አይመልስም። ማንኛውም የክፍል ኃላፊ ይህን ያለ ባለሙያ ሊፈትሽ ይችላል። አዲስና አሮጌ ሰደርያ በጨለማ ጎን ለጎን ሰቅሎ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ የስልኩን መብራት ከዓይኑ አጠገብ ይዞ ቢያበራ፣ አዲሱ ነጭ ሆኖ ሲፈነጥቅ ያረጀው ግራጫ ሆኖ ሲቀር ያያል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው ሰው መኖሩን ለይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ብቻ በአብዛኛው ከአንድ ሴኮንድ በላይ ያልፋል፤ መኪናው ከዚያ በኋላ ደግሞ ለመቆም የራሱን ርቀት ይፈልጋል፣ አስፋልቱ እርጥብ ሲሆንም ይረዝማል። የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ያሰፋቸው የመሐል ከተማ መንገዶች ማታ ጭር ሲሉ ለፍጥነት የሚጋብዙ ስለሆኑ፣ ፖሊሱ ሃያ ሜትር ቀድሞ መታየቱና አለመታየቱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ክረምት ላይ የሚታየው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ዝናቡ ሲበረታ ፖሊሱ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ የዝናብ ልብሱን ከላይ ይደርባል፣ አንጸባራቂው ሰደርያም ከሥር ይሸፈናል። የአሽከርካሪው መስታወት በውኃና በእንፋሎት በደበዘዘበት፣ የሚመጡ መኪኖች መብራት እርጥብ አስፋልት ላይ በሚያብረቀርቅበት በዚያው ሰዓት ፖሊሱ ከጨለማው ጋር አንድ ይሆናል ማለት ነው። መድኃኒቱ ጥብጣቡን በዝናብ ልብሱ በራሱ ላይ፣ በደረት፣ በጀርባና በክንድ፣ መስፋት ነው። ልብሱን ለመስፋት የውጭ ፋብሪካ አያስፈልገንም፤ በቦሌ ለሚና በሐዋሳ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ እጆች አሉን።

ጥይት መከላከያ ሰደርያን በተመለከተ ጥቂት ነገሮች በግልጽ ቢታወቁ መልካም ነው። ከጭረት (ፋይበር) ጨርቅ ተደራርቦ የሚሠራው ለስላሳው ዓይነት የሽጉጥ ጥይት እንዲያቆም የተዘጋጀ ነው፤ የክላሽንኮቭ ጥይት ግን ያልፈዋል። ያንን የሚያቆመው ከፊትና ከኋላ የሚገባው ጠንካራ ሳህን ነው፣ እሱም ከባድ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ለብሰውት የሚውሉት አይደለም። ጥይት የሚያቆም ሰደርያ ሁሉ ጩቤ ያቆማል ማለትም አይደለም፤ ለስለት የሚሠራው በሌላ መለኪያ ይፈተሻል። ፒያሳና መርካቶ ሌባ የሚያሳድድ ፖሊስ ከጥይት ይልቅ ሴንጢ የሚያጋጥመው ከሆነ፣ ገዢው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ፖሊሱ የሚሠራው የትና ከምን አደጋ ጋር እንደሆነ ነው። በወንድ ደረት ልክ የተቆረጠ ሰደርያ ሴት ፖሊስ ስትለብሰው ከፊት ወደ ላይ ተነሥቶ ጎኗን ክፍት ይተዋል፤ በመሐል ከተማ መስቀለኛ መንገዶች ላይ የቆሙትን ሴት ፖሊሶች ለሚያይ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ሰደርያው ዕድሜ አለው። አምራቾች ለለስላሳው ዓይነት በአብዛኛው የአምስት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ላብ፣ ሙቀትና አጉል አቀማመጥ ያደክሙታልና። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት አንድ ፖሊስ የለበሰውን፣ ዛይሎን ከተባለ ጭረት የተሠራና ገና አዲስ የሚባል ሰደርያ ጥይት በሳው። ምርመራው ጭረቱ በእርጥበት እየደከመ እንደሚሄድ ስላሳየ፣ በ2005 የአገሪቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ዛይሎን ያለባቸውን ሰደርያዎች ማረጋገጫ ነሣቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የማን ሰደርያ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደተሰጠ መዝገቡ ካልተናገረ ከሰው ላይ ለይቶ መሰብሰብ ያስቸግራል።

ወደ ግምጃ ቤት የምመለሰው ለዚህ ነው። የመንግሥት ንብረት ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የሌሊት ጥበቃዎች ካፖርት በጅምላ ለአንድ ኃላፊ ወጪ ይደረግ ነበር። ወረቀቱ ሲታይ ሁሉም ካፖርት አላቸው፤ ጓሮ ሲወጣ ግን ተረኛው ከተረኛ ያልደረቀ ካፖርት ተቀብሎ ይለብሳል፣ አንዱ ይጠበዋል፣ አንዱ ይሰፋዋል፣ ሲቀደድም የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ የሚጠግነው የለም። ኦዲተርም ሲመጣ ሞዴሉን አይቶ ይሄዳል። በጅምላ የሚወጣ ዕቃ የትም ቢሆን መጨረሻው ይኸው ነው። ሰነዱ ላይ አራት ዓምድ ቢጨመር፣ ማለትም የለባሹ ስም፣ ልኩ፣ የተሰጠበት ቀንና የሚተካበት ቀን፣ ተቆጣጣሪው በአንድ ገጽ የማን መከላከያ ዕድሜው እንዳለፈ ያያል። ግጭት የደረሰበት የሞተር ብስክሌት ሄልሜትም ከዚሁ መዝገብ ወጥቶ ይተካል፤ የውስጡ ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ዳግመኛ አይከላከልምና።

እዚያው መዝገብ ውስጥ አንድ ርካሽ ዕቃ እንዲገባ እለምናለሁ፤ ለእያንዳንዱ የቅኝት ቡድን የሚፈስ ደም በኃይል አስሮ የሚያቆም መቀነቻና ፋሻ፣ ከአጠቃቀም ሥልጠና ጋር። የጭኑ ትልቁ የደም ሥር የተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፣ በ907 የተጠራው አምቡላንስ ደግሞ ሜክሲኮ ላይ በመኪና ታጥሮ ሊቆም ይችላል። እስኪደርስ ድረስ በእጁ መቀነቻ ያለው ባልደረባው ነው።

የሕጉም ነገር መታየት አለበት። የሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ ፖሊሶች ግን በልዩ ሕግ ስለሚተዳደሩ አዋጁ አይመለከታቸውም። ስለዚህ ለግንበኛው በአዋጅ የተጻፈለት መብት ለፖሊሱ በራሱ መተዳደሪያ ውስጥ በዚያው ግልጽነት መጻፍ ይኖርበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን የሠራተኞች መብት አድርጎታል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ የደኅንነት እርምጃ ሠራተኛውን ወጪ እንዳያስወጣው ይደነግጋል። አንድ ኮንስታብል ከደመወዙ ቀንሶ መርካቶ ቦቲ ጫማና ባትሪ እንዲገዛ የሚያስገድድ አሠራር ካለ ከዚህ መንፈስ ጋር ይጋጫል።

ፖሊስን ማጠናከር ሕዝብን ማስፈራራት ነው የሚሉ ወገኖች ስጋታቸው ይገባኛል፤ እኔ ግን የምጠይቀው ዱላና ጭስ አይደለም። ሰውነቱ የተጠበቀ ፖሊስ ለመተኮስ የሚቸኩልበት ምክንያት ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ ቦምብ ሲወረወር ሁለት ሰዎች ሞተው ከመቶ በላይ ቆስለዋል፤ እንዲህ ባለ ቀን ሌላው ወደ ኋላ ሲሸሽ ፖሊስ ወደ ፍንዳታው እንዲሄድ እንጠብቅበታለን።

በመጨረሻ ስለ ግዥው ጊዜ አንድ ነገር ላንሣ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ ዝናቡ ግን ከሰኔ ጀምሮ ነው። የዝናብ ልብስ በአዲሱ በጀት ይገዛ ከተባለ ዝርዝር መግለጫው ተዘጋጅቶ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ናሙና ታይቶ፣ አሸናፊው እስኪያቀርብ ወራት ስለሚፈጅ፣ ልብሱ ግምጃ ቤት የሚገባው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ይህን በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ አይቻለሁ። የከተማው አስተዳደርና ፖሊስ የሚመጣውን ክረምት ልብስ ጨረታ ኅዳር ሳይወጣ ቢያወጡ፣ ከዋጋው በፊትም ናሙናው በማታ መብራት እንዲፈተሽ በመግለጫው ውስጥ ቢያስገቡ፣ ግንቦት ላይ ማደል ይቻላል። ጋዜጣችሁም የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ጠይቆ መልሳቸውን እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክባሪ ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የንብረት ክፍል ሠራተኛ
ከልደታ፣ አዲስ አበባ