«የግንዛቤ እጥረት»፦ በሽተኛው ሳይታይ የሚሰጥ የበሽታ ስም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ልጆቻቸውን የማያስከትቡ ወላጆች በበዙ ቁጥር፣ የጀመሩትን መድኃኒት ሳይጨርሱ የሚያቋርጡ ታካሚዎች በታዩ ቁጥር ወይም አንድ ወረርሽኝ ከተጠበቀው በላይ በተስፋፋ ቁጥር በጤና ገጻችሁ ላይ የሚወጣው የኃላፊዎች ማብራሪያ አንድ ዓይነት ነው። ችግሩ የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው፤ መፍትሔውም የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራውን አጠናክሮ መቀጠል ነው ይባላል። እኔ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ይህንን ዐረፍተ ነገር ለዓመታት አንብቤዋለሁ፤ አልዋሽም፣ በየስብሰባውም ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ «የግንዛቤ እጥረት» ብዙ ጊዜ በሽተኛው ሳይታይ የሚሰጥ የበሽታ ስም መሆኑን፣ በሽተኛውን ቀርቦ የሚያየው፣ የጤና መልእክት እንዴት እንደሚነገርና ሰው እንዴት እንደሚቀበለው የሚመረምረው የጤና ተግባቦት ጥናት የተባለው ዘርፍም የሚገባውን ቦታ አለማግኘቱን ለማመልከት ነው።

ነገሩን ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ልጀምር። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ ታካሚ የታዘዘላቸውን ሊቀበሉ ቀረቡ፤ «ሁለት ፍሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» ብዬ ሰጠኋቸው። «አባቴ፣ እንዴት እንደሚወስዱት መልሰው ይንገሩኝ» ስላቸው ያልኩትን አንድም ቃል ሳያጎድሉ ደገሙልኝ። ቀድሞ ቢሆን በዚህ ረክቼ ቀጣዩን እጠራ ነበር። ያን ቀን ግን «እስቲ የዛሬውን በሙሉ አውጥተው ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። ሁለት ፍሬ መዳፋቸው ላይ አኑረው ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። «የቀረውስ?» ብላቸው ግራ ተጋብተው አዩኝና «ልጄ፣ ሁለት አላልሽኝም እንዴ?» አሉኝ።

ቁጠሩልኝ ማለትን ከራሴ አላመነጨሁትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመና 395 ታካሚዎችን ያሳተፈ አንድ ጥናት አንብቤ ስለነበር ነው። በዚያ ጥናት የማንበብ ችሎታቸው ዝቅተኛ ከሆነው ታካሚዎች መካከል «ሁለት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ» የሚለውን ትእዛዝ በትክክል መናገር የቻሉት 71 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በቀን የሚወስዱትን ፍሬ ቆጥረው ማሳየት የቻሉት ግን 35 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እኚያ አባት መድኃኒቱ እንደሚያስፈልጋቸው ያውቃሉ፣ ሊወስዱትም ቆርጠዋል፤ የጎደላቸው ግንዛቤ አልነበረም። ጥፋቱ ሁለት ቁጥሮችን አጣብቆ በሚናገረው የእኔ ዐረፍተ ነገር ላይ ነበር። ቆየት ብለው የወጡ ጥናቶችም ትእዛዙ «ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት» ተብሎ ጊዜው በግልጽ ሲነገር የሚረዱት ሰዎች ቁጥር እንደሚጨምር አሳይተዋል። ይህ ለውጥ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ተቀምጦ ካልመረመረው በስተቀር በስብሰባ ብዛት አይገኝም።

ማወቅና ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን ሁላችንም በራሳችን ሕይወት እናውቀዋለን፤ የጤና ዘመቻ ስናቅድ ግን እንዘነጋዋለን። እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. የታተመ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ላይ የተደረገ አንድ ሙከራ በዘርፉ ዛሬም ይጠቀሳል። ለተማሪዎቹ ስለ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) በሽታ የተዘጋጀ ጽሑፍ ተሰጣቸው፤ ለከፊሎቹ አስደንጋጭ ፎቶግራፍ ያለበት፣ ለከፊሎቹ ደግሞ ለዘብ ያለ ነበር። አስደንጋጩን ያነበቡት የበለጠ ፈሩ፣ ክትባቱን እንወስዳለን የሚል ሐሳባቸውም ጠነከረ። ሆኖም ከአንባቢዎቹ መካከል በእርግጥ ሄደው የተከተቡት ሦስት በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚሁ ጽሑፍ ጋር የጤና ማዕከሉ የተከበበበት የግቢው ካርታ ተሰጥቷቸው፣ የሚሄዱበትን ቀንና ሰዓት እንዲያስቡ የተጠየቁት ዘንድ ግን ቁጥሩ ወደ 28 በመቶ ከፍ አለ። ልብ በሉ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ጤና ማዕከሉ የት እንዳለ አይጠፋውም። ካርታው አዲስ ዕውቀት አልሰጠውም፤ ሐሳቡን ከቀንና ከመንገድ ጋር አያያዘለት እንጂ። ፍርሃት ምንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ መውጫ መንገዱ ሳይነገረው ብቻውን የሚፈራ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ፊቱን ማዞር ይቀለዋል።

የከበደው ጉዳይ ደግሞ መልእክት ራሱ ሊጎዳ መቻሉ ነው። እኛ የመድኃኒት ሰዎች ማንኛውም መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት እንዳለው ስንማር ነው ያደግነው፤ ሳይሞከር ለሰው የሚሰጥ መድኃኒትም የለም። መልእክትን ግን ቢያንስ አይጎዳም ብለን በነጻ እንበትነዋለን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 ዓ.ም. የእንግሊዝ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ አዳዲስ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ሐሰት አልነበረም። ከሰባት ሺህ ሴቶች አንዷን ያጋጥም የነበረው ችግር ሁለቱን የሚያጋጥም ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም «እጥፍ» ነው። ዜናው ግን እጥፉን ብቻ ይዞ ወጣ። ብዙ ሴቶች እንክብሉን በድንጋጤ አቋረጡ፤ በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ተጨማሪ ጽንስ የማቋረጥ አገልግሎት እንደተሰጠ ይገመታል። የሚያሳዝነው፣ እርግዝና ራሱ ደም የማርጋት አደጋው ከእነዚያ እንክብሎች የሚበልጥ መሆኑ ነው። እውነተኛ ቁጥር፣ በሙያተኞች የተነገረ፣ በቅን ልቦና የታተመ፤ ውጤቱ ግን ይህ ሆነ።

በክትባት ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወላጆች ልጆቻቸውን ከኩፍኝ እንዲያስከትቡ ለማግባባት የሚያገለግሉ አራት የተለያዩ መልእክቶችን ፈተነ። አንዳቸውም ወላጆቹ ለማስከተብ ያላቸውን ፍላጎት አልጨመሩም። የታመሙ ሕፃናትን ፎቶግራፍ ያዩ ወላጆች ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል በሚለው የተሳሳተ እምነት ጭራሽ ጠነከሩ። ክትባት ኦቲዝም አያመጣም የሚለው እርማት ደግሞ እምነቱን ቢያዳክመውም ቀድሞውኑ በክትባት ላይ ጥርጣሬ የነበራቸውን ወላጆች ይበልጥ አራቃቸው። እኔ በግሌ ይህንን ባላነብ ኖሮ ከእነዚያ ፎቶግራፎች ትልቁን መርጬ ግድግዳ ላይ እለጥፍ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ የተከሰተውን የኢቦላ ወረርሽኝ እያሰብኩ ነው ይህንን ደብዳቤ የምጽፈው። በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ28,600 በላይ ሰዎች ታመው ከ11,300 በላይ የሞቱበት ያ ወረርሽኝ ሲጀምር፣ ከተሰራጩት መልእክቶች አንዱ ኢቦላ ገዳይ ነው፣ መድኃኒትም የለውም የሚል ነበር። ሐሳቡ ሰው እንዲጠነቀቅ ነበር። ነገር ግን ራሳችሁን በታማሚው ቤተሰብ ቦታ አስቀምጡ። መድኃኒት ከሌለው ወደ ሕክምና ጣቢያ የሚኬደው ለምንድን ነው? ፊቱ በማይታይ፣ ሙሉ አካሉን በሸፈነ እንግዳ መካከል ብቻ ለመሞት? ብዙዎች ሕሙማኑን ቤት አስቀርተው ራሳቸው አስታመሟቸው፤ በሽታውም በአስታማሚዎች በኩል ቀጠለ። ይህንን ግንዛቤ ማጣት ብሎ መጥራት ግፍ ይመስለኛል። ሰዎቹ የተነገራቸውን ሰምተዋል፣ ከሰሙትም ተነሥተው የሚያስኬድ ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል።

የቀብሩም ነገር እንደዚሁ ነበር። የኢቦላ ሟች አስከሬን ከፍተኛ የመተላለፍ ዐቅም ስላለው አስከሬን ማጠብና መዳሰስ እንዲቀር ታዘዘ፤ አስከሬኖች በፕላስቲክ ተጠቅልለው ቤተሰብ ሳይሰናበታቸው መወሰድ ጀመሩ። ቤተሰቦች በምላሹ ሟቾቻቸውን እየደበቁ በሌሊት ቀበሩ። የማኅበረሰብ አጥኚዎች በየመንደሩ ተቀምጠው ሰዎቹ የትኛውን የሥርዓቱን ክፍል ሊተዉ እንደሚችሉ፣ የትኛውን ግን ቢሞቱም እንደማይተዉ ጠየቁ፤ አስከሬኑን ከርቀት ማየት፣ ጸሎት ማድረስ፣ መቃብሩ የት እንደሆነ ማወቅ እንደሚፈልጉም ተረዱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ያወጣው የቀብር መመሪያ «ደኅንነቱ የተጠበቀና ክብር ያለው» የሚል ስያሜ የያዘውና ቤተሰብንና የሃይማኖት አባቶችን ያካተተው ከዚህ በኋላ ነው። ቫይረሱ አልተለወጠም፤ መከላከያ ልብሱም ያው ነው። የተለወጠው ማን ማንን እንደሚያዳምጥ ነበር።

መልካም ሲሠራስ? የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ጨቅላ ሕፃናት በሆዳቸው ሳይሆን በጀርባቸው ወይም በጎናቸው እንዲተኙ መከረ፤ በ1994 ሰፊ ዘመቻ ተከተለው፤ በአሥር ዓመት ውስጥም ድንገተኛ የጨቅላ ሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። መልእክቱ አንድ ነገር ብቻ የሚጠይቅ፣ በዚያው ሌሊት ሊፈጸም የሚችል ነበር። ለውጡ ግን በሁሉም ቤት እኩል አልገባም። ተመራማሪዎች ያልተቀበሉትን እናቶች ቀርበው ሲጠይቁ ምክሩን ሰምተውታል፤ ነገር ግን ሕፃኑ በጀርባው ቢተኛ ትንታ ያንቀዋል ብለው ሰግተዋል፣ በሆዱ ሲተኛ እንቅልፉ እንደሚሰምርለትም አይተዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆቿን ሁሉ በሆዳቸው አስተኝታ ያሳደገች አያት አለች። እንግዲህ መልስ የሚያሻው ስለ ትንታው ስጋት ነው፤ ጆሮ ማግኘት ያለባትም አያቲቱ ናት።

ወረርሽኝ ጥናት እስኪያልቅ አይጠብቅም የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ግማሽ እውነት አለው። ዓመታት የሚወስድ ጥናት አለ፤ ነገር ግን አንድ ፖስተር ከመታተሙ በፊት ለጥቂት ሰዎች አሳይቶ «ምን አድርጉ የሚላችሁ ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ጥቂት ቀናት ይበቃዋል። ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ፣ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2004 ዓ.ም. ወጣቶችን ከአደንዛዥ ዕፅ ለማራቅ በቴሌቪዥንና በሌሎች መገናኛዎች ላይ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ አውጥቷል። ግምገማው ዘመቻው ማሪዋና መጠቀምን ለመቀነሱ ማስረጃ አላገኘም፤ እንዲያውም ማስታወቂያውን አብዝተው ያዩ ወጣቶች አንዳንዶቹ ሌላው ሁሉ ይጠቀማል ብለው እንዲያስቡ ሳያደርጋቸው እንዳልቀረ ጠቁሟል። ውድ የሆነው የቱ ነው?

ዘርፉ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ብዙው ጥናት የሚለካው ሰው አደርገዋለሁ ያለውን እንጂ ያደረገውን አይደለም። የሚጠየቁትም ብዙ ጊዜ ለተመራማሪው የሚቀርቡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በጥንቃቄ የተሠራውም ሁልጊዜ የሚያስደስት ውጤት አያመጣም፤ በቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. አካባቢዎችን በዕጣ ለይቶ የተካሄደ የሬዲዮ ዘመቻ ሕፃናትን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዱ ቤተሰቦችን ቁጥር ቢጨምርም በሞት መጠን ላይ ልዩነት ማሳየት አልቻለም። ነገር ግን ይህንን እንኳ ያወቅነው ስለለኩት ነው። ሳይለካ የቀረ ዘመቻ በሪፖርት ላይ ሁልጊዜ የተሳካ ነው፤ «ለይህን ያህል ሺህ ሰዎች ግንዛቤ ተፈጥሯል» የሚለው አኀዝ ወድቆ አያውቅም።

ስለዚህ ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀው ነገር አለኝ። ኃላፊው «የግንዛቤ እጥረት» ሲል ጋዜጠኛችሁ ማንን ጠይቀው እንዳወቁ ይጠይቅልን፤ የተሳታፊውን ቁጥር ሲነግሩትም ከዚያ በኋላ ስንቱ ምን እንዳደረገ ይከታተልልን። የጤና ተቋማት ለዘመቻ ከሚመድቡት ገንዘብ ውስጥ መልእክቱን አስቀድሞ ለመፈተን ምን ያህሉ እንደተያዘ መጠየቅም የጋዜጣ ሥራ ነው። እናንተም ብትሆኑ ከዚህ ውጭ አይደላችሁም። የመድኃኒት ዜና ስታትሙ «አደጋው በእጥፍ ጨመረ» የሚል ርእስ ከመጣ፣ ከስንት ሺህ ሰው ስንቱ እንደነበረና ስንቱ እንደሆነ በዚያው በመጀመሪያው አንቀጽ ይግባ፤ በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ላይ ጥያቄውን የምንቀበለው እኛ ነንና።

ከአክብሮት ጋር፣
የፋርማሲ ባለሙያና የጋዜጣችሁ አንባቢ