ያቺ የጓሮ ዜማ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ዛሬ ጭጋግ ለብሳለች። ጠዋት የእንጦጦን ብርድ አስታወሰችኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልህም። ምክንያቱን ሳትገምተው አትቀርም፤ ግን ከኔ ልትሰማው ይገባል። እናትህ፣ እማማ፣ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። በነጋታው ደግሞ "እስካሁን የት ነበርክ?" ብትለኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመት ሞላ። ዓመት ሲሞላ ጭራሽ አፈርኩ። ከእጃቸው በልቼ አድጌ ለቅሷቸውን አልደረስኩም። ስልክ እንኳ አልደወልኩም። ይቅር በለኝ ወንድሜ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ዛሬ የጻፍኩልህ ግን ለይቅርታ ብቻ አይደለም። ፈቃድህን የምጠይቅበት ጉዳይ አለኝ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ባንድ ውስጥ ነኝ። ሰባት ነን፣ አበሻ እኔ ብቻ ነኝ። የምንጫወተው ስካ ፓንክ ነው። ስካ ማለት የሬጌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ፈጠን ይላል። "አንድ እና ሁለት እና" ብለህ ቁጠር። ጊታሩ ቁጥሮቹን ይዘልና "እና" ላይ ብቻ አጠር አድርጎ ቺክ! ቺክ! ይላል። ከላይ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን ይገባሉ። ፓንኩ ሲመጣ ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙ ይሮጣል፣ ልጆቹ እየተገፋፉ ይዘላሉ። መጀመሪያ ስሰማው ጩኸት ብቻ መሰለኝ። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሲገቡ ግን ልቤ ቀጥ አለ። እኛ የምናውቀው ድምፅ ነው።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ። ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ አልፋ የሚባል መነኮሳት የሚያስተዳድሩት የወንዶች ትምህርት ቤት ነበር። ወላጅ የሌላቸውና የድሃ ልጆች እዚያ ትራምፔትና ትሮምቦን ይማሩ ነበር። በ1964 የተቋቋሙት ስካታላይትስ የሚባሉ የስካ ባንድ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ የትንፋሽ ተጫዋቾች የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። አሁን የኛን አስብ። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆችም ወላጅ አልባ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ የነሐስ ባንድ ሆነው ቆሙ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። እዚያም እዚህም ትራምፔት ያነሱት ከእናታቸው የራቁ ልጆች ናቸው። ስካታላይትስ እኮ "አዲስ አበባ" የሚል ዜማ አላቸው! ይህን ባወቅኩበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለማን ልንገር? ልነግረው የምፈልገው ሰው አንተ ነበርክ፣ አንተን ደግሞ ዘግቼሃለሁ።

ከአልፋ የወጣው ትሮምቦን ተጫዋች ሪኮ ሮድሪገዝ እንግሊዝ ሄዶ በ1979 ስፔሻልስ ከሚባሉት የኮቨንትሪ ከተማ ባንድ ጋር ተጫወተ። ጥቁርና ነጭ ወጣቶች አንድ መድረክ ላይ ነበሩ፤ ስካና ፓንክ እዚያ ተገናኙ። ከዚያ ነገሩ ባሕር ተሻግሮ እኛ ሰፈር መጣ። በርክሌይ ውስጥ ጊልማን የሚባል አዳራሽ አለ፣ በ1986 የመጨረሻዋ ቀን የተከፈተ። መጠጥ አይሸጥም፣ ልጅም አዋቂም ይገባል። ትንሽ ከፍለህ የአባልነት ካርድ ትወስዳለህ። በር የሚጠብቀውም፣ ድምፅ የሚያስተካክለውም፣ ወለል የሚጠርገውም በጎ ፈቃደኛ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የሰፈራችን እድር ነው ትዝ ያለኝ።

ኦፕሬሽን አይቪ የሚባሉ አራት ልጆች በ1987 እዚያ ጀመሩ። አንድ አልበም ብቻ ነው ያላቸው፣ "ኢነርጂ" ይባላል። ኋላ ለሚመጡ ብዙ ባንዶች መንገድ የከፈተው እሱ ነው። መጀመሪያ እዚያው ጊልማን ውስጥ ሊቀዱት ሞክረው አልሆነላቸውም። በ1989 መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ ስቱዲዮ ገብተው እንደገና ቀዱት። የሽፋኑን ሥዕል ድምፃዊው ራሱ ሣለው። ግንቦት ላይ ባንዱ ፈረሰ። አስበው፣ አልበማቸውን ይዘው አገር ለአገር ዞረው አላስተዋወቁትም። ካሴቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ ሄደ። ዛሬም ልጆች ቃል በቃል ይዘፍኑታል። አልበሙ ላይ የትንፋሽ መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል፣ እኔ ግን እወደዋለሁ። ምክንያቱም ያልተወለወለ ነው። ትንፋሻቸው ይሰማል።

የኛንም እንደዚያ ልናደርገው ፈለግን። የራሳችንን ገንዘብ አዋጥተን ስቱዲዮ ለአራት ቀን ተከራየን። ድራምና ቤዝ ሁለት ቀን ወሰዱ። ጊታር አንድ ቀን። ለድምፃዊዋና ለኛ ለሦስታችን ነፊዎች አንድ ቀን ቀረ። ትራምፔት ሲሞቅ ድምፁ ወደ ላይ እንደሚሸሽ ታውቃለህ። ጠዋት ያስተካከልነው ምሳ ሰዓት ላይ ከጊታሩ ጋር አልስማማ አለ። እያንዳንዱን ቦታ ሁለት ሁለት ጊዜ ቀዳን፤ ሲደራረብ ሦስቱ መሣሪያ ስድስት ይመስላል። ማታ ላይ ከንፈሬ አብጦ ሻይ መጠጣት አቃተኝ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ያቺን የጓሮ ዜማ ታስታውሳለህ? እማማ "ከቤት ውጡልኝ፣ ጆሮዬ!" ሲሉን ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆመን አንዲቷን ትራምፔት በተራ ስንነፋ፣ አንተ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የምታመጣት፣ በአምባሰል ቅኝት የሆነችው። እሷን። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ከንፈሬን የማሞቀው በሷ ነው። ልምምድ በመጣሁ ቁጥር ሳላስበው እነፋታለሁ። አንድ ቀን ትሮምቦን ተጫዋቻችን ከሥር ገባበት። ስንት ጊዜ ሲሰማት ኖሮ ለካ ይዟታል። ከዚያ ድራሙ ገባ፣ ባሲስቱ ገባ።

ቀላል አልነበረም። ያንተ ዜማ የሚሄደው በቺክቺካ ነው፣ በስድስት ስምንተኛ። ስካ ደግሞ ቀጥ ያለ አራት ነው። ሦስት ሳምንት ታገልናት። ጊታሪስቱ ሲ ሜጀር የሚባለውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) መታ፤ የአምባሰሏ ኤፍ ድምፅ ከኮርዱ ኢ ጋር ተላተመ፣ ጆሮ ያማል። ሜጀሩን ተወውና ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር ብቻ ሞክር አልኩት። ተቀመጠች! የሁለቱም ኮርዶች ድምፅ እዚያው ቅኝቱ ውስጥ ያለ ነው። መሃል ላይ ድራሙ ዝም ይልና እኔ ብቻዬን በቺክቺካው እነፋታለሁ፤ እጃቸውን ያጨበጭባሉ። ባንዱ ስሟን "ጓሮ" አላት። አጥርተው አይጠሩትም፣ ግን በፍቅር ነው የሚሉት።

ማስተዋወቁ ከመቅዳቱ ይከብዳል። አንድ ሰው አስተዋውቅላችኋለሁ ብሎ 600 ዶላር ወስዶ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ራሳችን ይዘነዋል። ለዩኒቨርሲቲ ሬዲዮዎች እንልካለን፣ ቲሸርት ጋራዥ ውስጥ እናትማለን፣ ኮንሰርት ሲያልቅ ጠረጴዛ ዘርግተን እንሸጣለን። ስትሪሚንግ በአንድ ማዳመጥ የሳንቲም ስባሪ ነው የሚከፍለው፤ ባንድካምፕ የሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ግን አልበም በዲጂታል ሲሸጥ ድርጅቱ 15 በመቶ ገደማ ወስዶ አብዛኛውን ለኛ ይተዋል። ስለዚህ ሰዉን ወደዚያ ነው የምንልከው። ሁለት ዘፈን አውጥተናል። "ጓሮ"ን አላወጣናትም፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት።

ባለፈው ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ አንዲት እናት ሱቅ ፖስተር ልለጥፍ ገባሁ። "ይሄ ምን ዓይነት ዘፈን ነው ልጄ?" አሉኝ። በስልኬ "ጓሮ"ን ከፈትኩላቸው። ጊታሩ ሲጮኽ ፊታቸውን አጨማደዱ። ብቻዬን የምነፋበት ቦታ ሲደርስ እንጀራ የሚቆጥሩበትን እጃቸውን አቆሙ። "አምባሰል ናት እኮ! የማን ናት?" አሉኝ። የጓደኛዬ ናት አልኳቸው። "እሱስ ሰምቷታል?" ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ፖስተሩን ራሳቸው ከቡና ረከቦቱ በላይ ለጠፉት።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሳላስፈቅድህ ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ ተጫውቼያታለሁ። ልጆቹ ሲዘሉባት እያየሁ አንተን ነበር የማስበው። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው።

300 ሸክላ አዘናል። ሽፋኑ ማተሚያ የሚገባው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው። የዜማ ደራሲ የሚለው ቦታ ላይ ጓደኞቼ የኔን ስም እንድጽፍ ነገሩኝ። የኔ አይደለችም አልኩ። ገቢውን ለሰባት ነው የምንካፈለው፤ የዚች ዘፈን ለስምንት እንዲሆን ሁሉም ተስማምተዋል። አይሆንም ካልከኝም ዘፈኗን ከአልበሙ አወጣታለሁ፣ ቅር አይለኝም።

እሺ ካልከኝ ግን አንድ ነገር ቸግሮኛል። ዜማዋን ስም ሰጥተሃት ታውቃለህ? "ጓሮ" እኛ ያወጣንላት ነው። ያንተ ስም ካለ እሱ ነው የሚታተመው። እማማን በስማቸው ማንሳት ከፈለግክም ንገረኝ፣ የምስጋናው ቦታ ክፍት ነው።

ቴሌግራም ላይ ያለው ቁጥሬ ያው ነው። ትራምፔቷ ካለች፣ ቁልፎቿም ካልደረቁ፣ ዜማዋን አንዴ ንፋና በድምፅ ላክልኝ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ የምትወርድበትን ቦታ በትክክል መያዜን እንጃ።

ወንድምህ