ሰርተፊኬቱ ይቆየን፣ አብሮ የሚቆም ሰው ስጡን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስላለባቸው ወጣቶች ስልጠና በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ያነበብኩት ዳቦ ቤቴ ውስጥ፣ ደንበኛ ፋታ ሲሰጠኝ ነው። ወጣቶቹ ጋዋን ለብሰው፣ ሰርተፊኬት ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል። ፎቶው ያምራል። ጽሑፉን ጨርሼ ግን አንድ ነገር አጣሁበት። ከእነዚህ ልጆች ውስጥ ዛሬ ደሞዝ የሚበላው ስንቱ ነው?

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ የልዩ ፍላጎት መምህርም አይደለሁም። ቀጣሪ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ወላጅ ሲናገር ሰምቻለሁ፣ መምህር ሲናገር ሰምቻለሁ፣ የድርጅት ሰዎችማ ሁሌም ይናገራሉ። ቀጣሪ ሲናገር ግን እምብዛም አልሰማሁም።

እኔ ጋ የሚሠራ ዳውን ሲንድረም ያለበት ወጣት አለ። ሠራተኞቹ «አለቃ» ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል ነው የተማረው። ዕድሜው ሲገፋ ከዚያ ወጣ። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ አልተፈተነም፣ ስለዚህ ቴክኒክና ሙያ በመደበኛው በር አያስገባውም። ቀጥሎ ያለው ቦታ ቤት ነው። እናቱ ጎረቤቴ ናት። አንድ ቀን መጣችና «እትዬ፣ ገንዘብ አልፈልግም፣ ብቻ እናንተ ጋ ይዋልልኝ» አለችኝ። እሱማ አይሆንም አልኳት። ከሠራ ይከፈለዋል፤ ካልሠራ ደግሞ ዳቦ ቤት መዋያ አይደለም። ትንሽ ተቀየመችኝ። በኋላ ታርቀናል።

እውነቱን ለመናገር የልዩ ክፍል መምህሩ ባትመጣ ኖሮ ነገሩ በሳምንቱ ይፈርስ ነበር። ክፍል የምትገባው ግማሽ ቀን ነው። በቀረው ጊዜዋ፣ ማንም ሳይከፍላት፣ ዳቦ ቤት ትመጣ ጀመር። መጀመሪያ ልጁን ይዛ አልመጣችም። ብቻዋን መጥታ ጥግ ላይ ቆማ ሥራችንን አየች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚሸሸው ሥራ የቱ ነው?»

ሊጥ መመዘን ነው። ማንም አይወደውም። ሊጡን ቆርጠህ፣ መዝነህ፣ ድብልብል አድርገህ ትሪ ላይ ትደረድራለህ። መቶ ድብልብል፣ ሁለት መቶ ድብልብል። ሠራተኛ ሲሰለቸው በግምት መቁረጥ ይጀምራል። በግምት የተቆረጠ ሊጥ ደግሞ ዕዳ ነው። ሊጥ እሳት ውስጥ ሲገባ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጨመር አድርገን ነው የምንመዝነው። ንግድ ቢሮ ድንገት ብቅ ብሎ ዳቦ ያስመዝናል። ግራሙ ከጎደለ ቅጣት ይከተላል። ብዙ ከሰጠሁ ደግሞ በዛሬው የፉርኖ ዱቄት ዋጋ የምከስረው እኔ ነኝ።

ልጁ ቁጥር አንብቦ አይለይም። የእኔ ሚዛን ደግሞ ዲጂታል ነበር። በቃ፣ አልሆነም ብዬ ነበር። መምህሩ «አሮጌ ሚዛን የላችሁም?» አለች። መጋዘን ውስጥ ያ የድሮው፣ ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። አወጣነው። በአንዱ ሳህን የብረት መዘኛውን፣ በሌላው ሊጡን። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ልክ ነው ማለት ነው። ቁጥር የለ፣ ንባብ የለ። እሱ ሳህኑ እኩል ካልሆነ ሊጥ አያሳልፍም። ዋናው ጋጋሪያችን ቸኩሎ «ይበቃል፣ ልቀቀው» ይለዋል። «እምቢ» ይላል። አለቃ የተባለው በዚህ ነው። የሱ ሊጥ ከሁላችን ሊጥ የተስተካከለ ነው።

ሌላውም እንዲሁ በትንሽ በትንሹ ተፈታ። ምድጃው አጠገብ እንዳይደርስ ወለሉ ላይ ቀይ ቀለም አሰመርን። እስካሁን መስመሩን አልፎ አያውቅም፤ ሌላውን ሠራተኛ ግን ሲያልፍ ይቆጣል። ድብልብሉን መቁጠር አይጠበቅበትም፣ ትሪው ሲሞላ ስንት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። በጣም ያስቸገረን መብራት ሲጠፋ ነበር። ሥራው ድንገት ቆሞ ሰው ሁሉ ሲጯጯህ ይደነግጣል፣ ያለቅሳል። መምህሩ ለዚያም መላ ፈጠረች፦ መብራት ጠፋ ማለት ዱቄት የመንፋት ሰዓት ነው። አሁን መብራት ሲጠፋ ሳይነገረው ወንፊቱን ያነሣል። የኛ አገር መብራት ነገር ከታወቀ፣ ይህ ልጅ ብዙ ዱቄት ነፍቷል። የረመዳን ወር ሲመጣ ደግሞ ሥራው ወደ ከሰዓት ይዞራል፣ ለአፍጥር ትኩስ ዳቦ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ይህን ቀደም ብለን ደጋግመን እንነግረዋለን። በዋዜማው ከነገርነው ቀኑ ይበላሻል።

መምህሩ እንዴት እንደ ራቀችም ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጎኑ ነበረች። ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከዚያ ባንኮኒው ጋ ሻይ ይዛ ታየው ጀመር። አሁን አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፣ በቃ። ልጁ ሥራውን የለመደው እሷ ስለ ነበረች ነው፣ ከእሷ ጋር እንዳይጣበቅ ያደረገውም በጊዜ መራቋ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኔ አልችለውም። ዳቦ እየጋገርኩ፣ ሒሳብ እየተቀበልኩ፣ ከዱቄት ነጋዴ ጋር እየተከራከርኩ የምሠራው ነገር አይደለም።

የምለው ይህን ነው። እነዚህን ወጣቶች አዳራሽ ውስጥ አሰልጥናችሁ ሥራ ፈልጉ አትበሏቸው። መጀመሪያ ሥራ ቦታውን ያዙላቸው፣ ስልጠናው እዚያው ይሁን፣ አብሯቸው የሚቆም ሰውም ይመደብ። አንድ ቦታ የተማሩትን ሌላ ቦታ ወስዶ መጠቀም ለብዙዎቹ ይከብዳል። ማሰልጠኛው ያለው ሚዛን እኔ ጋ የለም። እዚያ ያለው ጸጥታም እኔ ጋ የለም። መምህሩ እንደ ነገረችኝ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ውጭ አገር ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ነው።

«ማን ይክፈል?» ትሉኝ ይሆናል። አንድ የሕግ ባለሙያ ደንበኛዬ እንዳስረዳኝ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል። ቀጣሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች፣ ረዳትም እንዲመድብ ይላል። መልካም ሕግ ነው። ግን ከጣት የማይበልጥ ሠራተኛ ያለው ዳቦ ቤት ረዳት ቀጥሮ ደሞዝ ሊከፍል አይችልም። ትልቅ ፋብሪካ ይችላል፣ እሱ ይክፈል። ለእኛ ለትንንሾቹ ግን የከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሊደርስልን ይገባል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም። ለልዩ ክፍል መምህራን የትርፍ ሰዓት አበል ይከፈላቸውና በግማሽ ቀናቸው ይህን ይሥሩ። አንድ ልጅ ሥራ ለምዶ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ይህን ሐሳብ ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። «በፕሮጀክት መልክ አምጪው» ተባልኩ። እኔ ዳቦ ነው የማውቀው።

ስለ ክፍያ ደግሞ ትንሽ ልበል፣ ያናድደኛልና። አንድ ነጋዴ ሌላ ልጅ ወስዶ «ልምምድ ላይ ነው» እያለ ወራት ያለ ክፍያ አሠርቶታል። ዕቃ ያወርዳል፣ ይጠርጋል፣ ማታ ምሳ የተረፈ ይዞ ቤቱ ይገባል። ቤተሰቡ ደግሞ ያመሰግናል! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ደሞዙን ያገኛል። ለእነዚህ ልጆች የተለየ ሕግ አልወጣም።

እኛ ወሎዬዎች ሰው እንወዳለን፣ እናዝናለን። ይህም አንዳንዴ ያስቸግራል። አለቃ ባንኮኒ ሲመጣ ደንበኞች «አይዞህ፣ አብሽር» እያሉ ሳንቲም ያሲዙት ነበር። ክፋት የለባቸውም፣ አውቃለሁ። ግን ዱቄት የለበሰ ሠራተኛ እጅ ላይ ምጽዋት ሲቀመጥ ማየት ደስ አይልም። «ይህ ልጅ ደሞዝተኛ ነው» አልኳቸው። ጥቂቶቹ አፈሩ፣ አንዲት እናት ተቆጣችኝ። እሷ ዛሬም ትመጣለች፣ ሳንቲሙ ግን ቆሟል።

ደሞዙን በስሙ ባንክ ላስገባለት ስል ሌላ ጣጣ መጣ። ልጁ መፈረም ስለማይችል የባንኩ ሠራተኛ «ሞግዚት ይምጣ» አለች። ስንት ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በጣት አሻራ ሒሳብ ያንቀሳቅስ የለም እንዴ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻው ሰው ሁሉ ችሎታ አለው የሚል ነው፤ ችሎታ የለውም የሚባለው በሕግ ሲወሰን ነው። ይህን ልጅ ፍርድ ቤት ምንም አላለውም። ኃላፊው ጋ ገብተን ተከራክረን ደብተሩ ወጣለት። ደብተሩን ይዞ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየ። እናቱ ደብቅ ብትለው አልሰማትም።

ሁሉም ይሳካል ብዬ አልዋሽም። አንዲት ኦቲዝም ያለባት ልጅ ሞክረን ነበር። የማቡኪያ ማሽኑ ጩኸት አላስቀመጣትም፣ ጆሮዋን ይዛ ውጪ ትቆማለች። መምህሩ ሳትውል ሳታድር አንድ ሆቴል ልብስ ክፍል ወሰደቻት። ፎጣና አንሶላ ታጥፋለች፣ ጠርዝ ከጠርዝ ሳይዛነፍ። ጸጥ ያለ ክፍል ነው። ሥራውን ለልጁ መምረጥ ማለት ይህ ነው። ለሁሉም ዳቦ፣ ለሁሉም ሻማ፣ ለሁሉም ሳሙና የሚባለው አሠራር አይገባኝም።

ስለ ኮምቦልቻም ላንሳ፣ ቅርባችን ነውና። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በ2014ቱ ጦርነት እንደተጎዳ፣ ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ፣ አጎዋ የሚባለው ዕድል መቋረጥም ተጨምሮበት ብዙ ሥራ እንደቀረ እናውቃለን። ቢሆንም ልብስ የሚሰፋበት ቦታ ክር መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ ካርቶን ማሸግ አለ። ለአንዳንዶቹ ልጆች ልካቸው ነው። ቴክኒክና ሙያ ደግሞ የትብብር ስልጠና የሚለው አለው፣ 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ የሚሰጥ። ሐሳቡ እኔ ከምለው ጋር አንድ ነው! በሩ ብቻ ነው የጠበበው። ያለ ሚኒስትሪ ውጤት የሚገቡበት መንገድ ይከፈት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫው፣ ሲኦሲ የሚባለው ምዘናም በእጅ ሥራና በቃል ይሁንላቸው። ሊጥ መመዘን የሚችል ልጅ የጽሑፍ ጥያቄ ስላላነበበ ብቁ አይደለም ሊባል አይገባም።

በዚህ ዓመት ከዚያው ልዩ ክፍል የሚወጡ ልጆች እንዳሉ መምህሩ ነግራኛለች። እኔ ጋ አንድ ቦታ አለ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት፣ ትሪ ማጠብና ዳቦ ወደ ሳጥን መደርደር። ደሞዙን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እከፍላለሁ። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ የመምህሩን አበል ይቻልልኝ። ፈቃደኛ ከሆነ ዝግጅት ክፍሉ አድራሻዬ ስላለው ይስጥልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዳቦ ቤት ባለቤት፣ ደሴ