የባሕረ ሰላጤው ደንገል ዜና ይሁን

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ ስለ ጣና ሐይቅ የእምቦጭ አረም ደጋግሞ በመዘገቡ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ አረሙ የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በመሆኑ፣ እኛ በደቡብ፣ በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ዓይናችን እያየ የምናጣው ደንገል እምብዛም አይነሣም።

ደንገል ለእኛ ተራ ሣር አይደለም። ታንኳ የሚሠራው ከእርሱ ነው፤ ታንኳው ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ከዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ታንኳቸውን ለማደስ ደንገል ፍለጋ ማልደው ወጥተው፣ ከቀትር በኋላ ሲመለሱ የያዙት በአንድ ክንድ የሚታቀፍ ነበር። ቀድሞ ያጭዱ የነበረው ከደጃፋቸው ነው፤ ዛሬ በዚያ ቦታ የተደፋ የግንባታ አፈርና ከቦይ የሚወርድ ጥቁር ፍሳሽ ይታያል። ይህን ስጽፍ ልቤ እያዘነ ነው።

ደንገሉ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ደለል ያጣራል፤ ለዓሣ ጫጩትና ለወፎችም መጠለያ ነው። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ በእጅጉ ተደስተን ነበር፤ መመዝገቡ ብቻውን ግን ዳርቻውን አይጠብቅም።

ስለዚህ ዘጋቢ ልካችሁ ዓሣ አስጋሪዎችንና ታንኳ ሠሪዎችን እንድታነጋግሩ፣ ዳርቻውን የመከለል ኃላፊነት የማን እንደሆነም የሚመለከታቸውን አካላት እንድትጠይቁልን በአክብሮት እለምናለሁ። የክረምቱ ሙላት ፍሳሹን ሳይሸፍነው ብትመጡ ሁሉም በግልጽ ይታያል።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር