ለደንበኞቻችን፦ ልጆች በመንገድ ላይ የሚያዩትን ስክሪን በራሳችሁ መኪና ላይ ስለመሥራት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሲቃረብ ወደ ሱቃችን የሚመጣው ጥያቄ ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ ስለ ባትሪ፣ ስለ ዲናሞና ስለ መብራት የሚጠይቀን ሰው፣ «ሐዋሳ ልንሄድ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጡት ሦስት ልጆች ናቸው፤ ለየራሳቸው ስክሪን ብትገጥሙልን ስንት ይፈጃል?» ይለናል። ለእያንዳንዳችሁ ቆመን ስንመልስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዘነጋል። ስለዚህ ዘንድሮ ነገሩን በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወሰንን።

መልሳችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ስክሪኑን፣ ማጫወቻውንና ማሰሪያውን ራሳችሁ ልታሟሉት ትችላላችሁ፤ ከዕቃውም ብዙው ቤታችሁ ውስጥ አለ። እኛን የሚያሳስበን ከባትሪው ተነሥቶ እስከ ኋላ ወንበር የሚሄደው ሽቦ ነው።

ያሳሰበንም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ አባት መኪናቸውን አስጎትተው አመጡልን። ከኋላ ሁለት ስክሪን ነበራቸው። ሽቦው በቀጥታ ከባትሪው ተነሥቶ፣ ያለ አንዳች ፊውዝ፣ በሾፌሩ ወንበር ሐዲድ ሥር ያልፋል። ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ በተገፋ ቁጥር ሐዲዱ የሽቦውን ልባስ ሲልጠው ከርሞ፣ አንድ ቀን ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው እያዩ ሳለ መዳቡ ከብረቱ ጋር ተገናኘ። ምንጣፉ ጨሰ። አባትየው መኪናውን ዳር አስይዘው፣ ልጆቹን አውርደው፣ ኮፋኖውን ከፍተው የባትሪውን ገመድ በመፍታታቸው ጉዳቱ ከምንጣፉ አላለፈም። ማን እንደገጠመው አልጠየቅናቸውም። የጎደለው ግን በጥቂት ብር የሚገዛ ፊውዝ ነበር። ያንን የተቃጠለ ምንጣፍ ስናወጣ ከሥሩ የልጅ ጫማ አገኘን፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈን እሱ ነው።

እንግዲህ ከሽቦው እንነሣ። የቤት መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ወደ 14 ቮልት ገደማ ያደርሰዋል። ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ስለሆኑ የሚከተለው ስሌት ለእነሱ አይሆንም። መጀመሪያ የምትፈልጉትን ኃይል በወረቀት ላይ ደምሩ። አንድ ባለ 10 ኢንች ስክሪን 10 ዋት ይወስዳል ብንል ሦስቱ 30 ዋት ይሆናሉ። ማጫወቻውና ምስሉን ለስክሪኖቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ 10 ዋት ቢጨምሩ ድምሩ 40 ዋት ነው። 40ን ለ12 ስታካፍሉ 3.3 አምፒር ታገኛላችሁ። ለዚህ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና የ5 አምፒር ፊውዝ ይበቃል።

ፊውዙ የሚቀመጠው ከባትሪው አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ብዙም ሳይርቅ ነው። ከስክሪኑ አጠገብ አይደለም። ፊውዝ የሚጠብቀው ከራሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነውና፣ ኋላ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ከፊቱ የቀረው አራት ሜትር ሽቦ ጠባቂ የለውም። ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ ደግሞ ሽቦው የሆነ ቦታ ተነክቷል ወይም አንዱ ዕቃ ተበላሽቷል ማለት ነው። እባካችሁ በትልቅ ፊውዝ አትተኩት፤ በሲጋራ ፓኬት ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስማ ከናካቴው አይታሰብ።

«ቀጭን ሽቦ ቢሆንስ?» የሚሉን አሉ። ባለ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አራት ሜትር ሄዶ አራት ሜትር ሲመለስ በ3.3 አምፒር 1 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይበላል። ለ12 ቮልት ዕቃ ይህ ይታለፍ ይሆናል። ችግሩ የሚብሰው አንዳንዶቻችሁ እንደምታደርጉት 12 ቮልቱን ፊት ላይ ወደ 5 ቮልት አውርዳችሁ በቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ወደ ኋላ ስትልኩት ነው። ያው 40 ዋት በ5 ቮልት 8 አምፒር ይሆናል፤ በዚያ ሽቦ ላይ ከ5 ቮልቱ ሁለቱ ይጠፋሉ። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ታብሌቱ ቻርጅ እያደረገ መቶኛው ሲቀንስ፣ ብዙ ጊዜ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። 12 ቮልቱን በወፍራም ሽቦ እስከ ኋላ አድርሱት፤ ወደ 5 ቮልት የሚያወርደውን ዕቃ እዚያው ከወንበሩ ጀርባ አስቀምጡት።

ይህን ማውረጃ ስትገዙ በላዩ የተጻፈውን አንብቡ። ሞተር ሲነሣ የባትሪው ቮልት ለቅጽበት ከ10 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ከ9 እስከ 36 ቮልት እቀበላለሁ የሚል ቢሆን መልካም ነው። የቤት መብራት የሚያወጣውን ኢንቨርተር አንመክርም። 12 ቮልትን ወደ 220 ከፍ አድርጎ፣ በቻርጀር መልሶ ወደ 5 ማውረድ በየደረጃው ኃይል ማባከን ነው፤ ከኋላ ወንበር ሥር 220 ቮልት ማኖር ደግሞ ልጆች ላሉበት መኪና አይገባም።

ሌላው ነገር መኪናው ሲጠፋ ስክሪኖቹም አብረው መጥፋታቸው ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 አምፒር ሰዓት ይይዛል። ዝዋይ ላይ ምሳ እየበላችሁ፣ ከዚያም ሐይቁን እያያችሁ ስክሪኖቹ ለአራት ሰዓት ቢበሩ 13 አምፒር ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ያረጀ ባትሪ ከዚያ በኋላ ሞተር ላያስነሣ ይችላል። መፍትሔው ሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። 30 የሚለው እግር በፊውዙ በኩል ከባትሪው ይመጣል፤ 87 ወደ ስክሪኖቹ ይሄዳል፤ 86 ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር፣ ለምሳሌ ከራዲዮው መስመር ይያያዛል፤ 85 ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። ሁለት ታብሌት ቻርጅ ከማድረግ የማያልፍ ሥራ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ በፋብሪካው ፊውዝ የተጠበቀ ነው፤ እሱን ተጠቀሙ።

ሽቦው የሚያልፈው በበሩ ደፍ ላይ ባለው ፕላስቲክ ሥር ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ካነሣችሁት ይወጣል፤ ተመልሶም ይገባል። በወንበር ሐዲድ ሥር አታሳልፉ። ቢጫ ሶኬት ያለው ሽቦ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ የኤርባግ ነው። በኮፋኖው በኩል ብረት ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ ላስቲክ ይደረግለት፤ የተጋጠመው ቦታ ሁሉ በናስትሮ ብቻ ሳይተው በደንብ ይጨበጥ ወይም ይበየድ። ናስትሮ በሙቀት ይለቃል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ይዛችሁ የምትመጡ በዝታችኋል፤ «ለእኛስ?» ትሉናላችሁ። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ የ12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው፤ ራዲዮውንና መብራቱን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ከላይ ያልነው ሁሉ በዚያ ላይ ይሠራል። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ገመድ ግን ማንም፣ እኛንም ጨምሮ፣ ለስክሪን ብሎ አይነካውም። እሱ ሰው የሚገድል ቮልት ይዟል። መኪናው ገና በዋስትና ላይ ከሆነ ከሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ አትለፉ።

አሁን ወደ ስክሪኑ። ልጆቹ ሁለት ከሆኑ ገንዘባችሁን አታውጡ። ሁለት ያገለገሉ ታብሌቶች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሚሞሪ ካርድ፣ ሁለት ማሰሪያ፤ ሥራው አለቀ። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አንድ ማጫወቻ፣ ምስሉን ለስክሪኖቹ የሚያከፋፍል አንድ ኤችዲኤምአይ አከፋፋይና ሦስት ስክሪን ነው፤ ሁሉም ያንኑ ፊልም ያያሉ። ሁለተኛው እንደ ራስበሪ ፓይ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር ከመኪናው ውስጥ አስቀምጦ የራሷን ዋይፋይ እንድትረጭ ማድረግ ነው። እንደ ጄሊፊን ያለ ነፃ ፕሮግራም ስትጭኑባት እያንዳንዱ ልጅ በየታብሌቱ የመረጠውን ያያል። ኢንተርኔት አያስፈልጋትም።

የትኛው ይሻላል ካላችሁን፣ እኛ የመጀመሪያውን እንወዳለን። ገመዱ ይበዛል፤ ነገር ግን ሦስቱ ልጆች በአንድ ቦታ አብረው ሲስቁ ከጋቢና መስማት ደስ ይላል። ዕድሜያቸው የተራራቀ ከሆነ፣ የአራት ዓመት ሕፃንና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ካሉ፣ ሁለተኛው ሰላም ያመጣል።

ፊልሞቹን እቤት ጫኑ። መንገድ ላይ ከኔትወርክ ላውርድ ማለት ገንዘብም ትዕግሥትም ይጨርሳል። ለ10 ኢንች ስክሪን በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሆነ ምስል ከበቂ በላይ ጥሩ ነው፤ በሰዓት 900 ሜጋባይት ይሆናል፤ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ከ60 ሰዓት በላይ ይይዛል። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ማጫወቻችሁ ከፈቀደ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት አድርጉት። ውስጡ የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ኮረኮንች መንገድ አይወድም። ራስበሪ ፓይዋንም ቁልፍ ከመመለሳችሁ በፊት በሥርዓት አጥፏት፤ ኃይል በድንገት ሲቋረጥባት ካርዷ ሊበላሽ ይችላል።

ማሰሪያውን በተመለከተ አንድ መለኪያ አለን። ስክሪኑን ከገጠማችሁ በኋላ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወንበሩን ነቅንቁ። ወንበሩ ከተነቃነቀ ጥሩ ነው፤ ስክሪኑ ብቻ ከተነቃነቀ ፍቱት። ግጭት ሲደርስ ያልታሰረ ታብሌት እንደ ድንጋይ ይወረወራል፤ የሚያርፈውም ልጅ ላይ ነው። በራስ መደገፊያው ሁለት ብረቶች ላይ በብሎን የሚጠብቀውን ዓይነት ምረጡ። ጣሪያ ላይና በመስኮቱ ጎን አትግጠሙ፤ በብዙ መኪኖች የጎን ኤርባግ የሚወጣው ከዚያ ነው። ሾፌሩም ዞር ሳይል የሚያየው ስክሪን ሊኖር አይገባም። ስትደርሱ ሁሉን ነቅላችሁ ወደ ቤት አስገቡት። በአዋሽና በድሬዳዋ ፀሐይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ የታብሌት ባትሪ ይህን አይችልም።

ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ለሾፌሩም ይሻላል። ባለ ገመዱን እንመርጣለን፤ ብሉቱዙ በየጉዞው ማገናኘት ይፈልጋል፣ ባትሪውም በመንገድ መሐል ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት ከ75 ዴሲቤል ሳይበልጥ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ የሚገድብ የልጆች ማዳመጫ ፈልጉ። ድምፁን ወደ መኪናው ራዲዮ ስታስገቡ የሞተሩን ዙር ተከትሎ ከፍ ዝቅ የሚል ፉጨት ከሰማችሁ፣ የዕቃዎቹ ኔጌቲቭ ሽቦዎች በተለያየ ቦታ ስለታሰሩ ነው። ሁሉንም በአንድ ነጥብ እሰሩ፤ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ልጅ መኪና ውስጥ ስክሪን ሲያይ የሚያስታውከው ዓይኑ የቆመ ነገር ሲያይ የውስጥ ጆሮው ግን መንቀሳቀሱን ስለሚነግረው ነው። ስክሪኑ ከጉልበት ሳይሆን ከዓይን ትይዩ ቢሆን፣ በመሐልም ቢቋረጥ ይቀልለዋል። ወደ ባሕር ዳር የምትሄዱ ደግሞ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው ቁልቁለትና ዳገት ሁሉን አጥፉት። መንገዱ ጠምዛዛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ልጆቻችሁ የዓባይን በረሃ ሳያዩ እንዳያልፉ ከልባችን እንለምናችኋለን።

አንዲት ደንበኛችን ለዚህ ጥሩ ነገር አድርገዋል። የእናታቸውን ተረት በስልክ ቀድተው በፍላሽ አስቀመጡት። ስክሪኑ ሲጠፋ «ተረት ተረት» የሚለው የአያት ድምፅ ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ይወጣል፤ ልጆቹም «የላም በረት» እያሉ በመስኮት ያያሉ። ምንም ተጨማሪ ሽቦ አይፈልግም።

ሥራውን በራሳችሁ ጀምራችሁ ባትሪው ጋ ስትደርሱ እጃችሁ ከከበደ፣ የበሩን ደፍ ፕላስቲክ ሳትመልሱ፣ ሽቦው እንደተገለጠ ወደ እኛ ኑ። ፊውዙና ሪሌዩ በቦታቸው መሆናቸውን እናያለን፣ ቮልቱን ከኋላ ወንበር ላይ እንለካለን፤ ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ያስገጠማችሁም ብትሆኑ መኪናውን ከጉዞው በፊት አምጡልን። ልጆቹን ይዛችሁ ብትመጡም አንዱ ሠራተኛችን ቮልቱን እንዴት እንደሚለካ ያሳያቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ኤሌክትሪክ ክፍል ሠራተኞች