ለወላጆች፦ ስለ ልጆቻችሁ የደመና ደብተር

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ተማሪዎቻችን ጠዋት ጠዋት ወደ ግቢ ወጥተው ደመና ያያሉ። ያዩትን ይስላሉ፤ ከሰዓት በኋላ አየሩ ምን እንደሚሆንም ይገምታሉ። ግምታቸው መያዝ አለመያዙን የሚያዩት ግን እቤት ስለሆነ የእናንተ እገዛ ያስፈልገናል።

የምንጀምረው በሦስት ዓይነት ደመና ነው። ጥጥ የተከመረ የሚመስለው ኩሙለስ ነው። ሰማዩን ወጥ አድርጎ የሚሸፍነው ግራጫው ደግሞ ስትራተስ ይባላል። ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚታየው ስስና ነጭ ሲረስ ነው፤ እሱ ከበረዶ ቅንጣት የተሠራ ነው። ስሞቹን እ.ኤ.አ. በ1802 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሉክ ሆዋርድ ነው። ሙያው መድኃኒት ቅመማ ነበር፤ ሰማይ የሚያጠናው ወዶት ነው። ይህን ለልጆቹ መንገር በጣም ደስ ይለኛል።

ስም ማወቁ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ይበልጥ የምጓጓው ለጥያቄያቸው ነው። የኩሙለስ ሥሩ ለምን ጠፍጣፋ ሆነ? የሞቀ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። የሆነ ከፍታ ላይ ሲደርስ በውስጡ ያለው የውሃ ተን በጥቃቅን ብናኞች ላይ እየተሰበሰበ ጠብታ ይሆናል። ደመናው የሚጀምረው ከዚያ ከፍታ ስለሆነ ሥሩ የተስተካከለ ይመስላል። ያው ደመና ወደ ላይ ማደጉን ከቀጠለና ከጠቆረ ዝናብና መብረቅ ሊያመጣ ይችላል። ይህን ለውጥ ማየት የሚችለው ደጋግሞ ቀና የሚል ልጅ ነው። ስለዚህ «ስሙ ማን ነበር?» ከምትሏቸው «ከጠዋቱ ምን ተለወጠ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው እመርጣለሁ።

ግምታቸው ባይሳካም እንዳይሰርዙት አደራ። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎችም ትንበያቸውን ከሆነው ነገር ጋር እያስተያዩ ነው የሚያሻሽሉት። ስልካችሁ ላይ ያለውን ትንበያ ልጁ የራሱን ከጻፈ በኋላ አሳዩት፤ ቀድማችሁ አትንገሩት።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይን ይጎዳል፤ የፀሐይ መነጽርም አያድንም። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ወዲያው ቤት ይግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይውጡ።

ደብተርና እርሳስ ከትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ደብተሩ አርብ አርብ ይመለስልን፤ እያንዳንዱን ራሴ አያለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር